ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥልቀት የተመለሱ ዓለቶች

ሜታሞርፊክ ዓለት ማለት ቀድሞ የነበረ ዓለት ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ዓለት ነው። ለውጡ በአብዛኛው በመሬት ቅርፊት ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ ከዚያ በታች ወርደው የተመለሱ ዓለቶችም አሉ። ከእነዚህ መካከል በስፋታቸው ከሚታወቁት አንዱ በምሥራቅ ቻይና የሚገኘው የዳቢ-ሱሉ ቀጠና ነው።

ቀጠናው የተፈጠረው ከዛሬ 240 እስከ 220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የደቡብ ቻይና አህጉራዊ ክፍል ከሰሜኑ ጋር ተጋጭቶ ጠርዙ ከሥሩ በሰመጠበት ወቅት ነው። አህጉራዊ ቅርፊት ከሥሩ ካለው ማንትል ይልቅ ቀላል በመሆኑ ይህን ያህል ይሰምጣል ተብሎ አይታሰብም ነበር። ግምቱ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1984 በአልፕስና በኖርዌይ ዓለቶች ውስጥ ኮይሳይት የተባለ ማዕድን በመገኘቱ ነው፤ በዳቢም በ1989 ተገኝቷል። ኮይሳይት በኬሚካላዊ ይዘቱ ከኳርትዝ አይለይም፤ ሆኖም እንዲፈጠር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ግፊት ያስፈልገዋል። ዓለቱ ወደ ላይ ሲመለስ ኮይሳይቱ ወደ ኳርትዝ እየተለወጠ መጠኑ ስለሚጨምር፣ ያቀፈውን ጋርኔት እንደ ጨረር በተበተኑ ስንጥቆች ይሰነጥቀዋል። ስንጥቆቹ በማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያሉ።

አንድ አከራካሪ ጥያቄ ግን ቀርቶ ነበር። በዳቢ ኮይሳይት መጀመሪያ የተገኘው ኤክሎጃይት በሚባለው፣ ቀይ ጋርኔትና አረንጓዴ ፓይሮክሲን በሚበዙበት ከባድ ዓለት ውስጥ ነው። በዙሪያው ያለው ናይስ የተባለ ዓለት በአንጻሩ የጥልቀት ምልክቱ ጠፍቶበት ነበር። ኤክሎጃይቱ ብቻውን ከጥልቅ ተገፍቶ የመጣ ነው ወይስ ሁሉም አብረው ሰምጠው ነበር? መልሱ የተገኘው ለውጥን አጥብቆ በሚቋቋመው ዚርኮን ውስጥ ነው። ከ2001 እስከ 2005 በዶንግሃይ ወረዳ 5,158 ሜትር ከተቆፈረው የምርምር ጉድጓድ የወጣው ናይስም በዚርኮኑ ውስጥ ኮይሳይት አቅፎ ተገኝቷል። በመሆኑም የሰመጠው ጥቂት ቁራጭ ሳይሆን ሰፊ የአህጉር ክፍል ነበር።

በቀጠናው ያለው ኤክሎጃይት የታይታኒየም ምንጭ የሆነውን ሩታይል ይይዛል። በ1992 በዳቢ መገኘቱ የተገለጸው አልማዝ ግን እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለጌጥ አይውልም።

በኢትዮጵያም ጋርኔት ያላቸው ሜታሞርፊክ ዓለቶች ይገኛሉ። ጋርኔት በመካከለኛ ጥልቀትም ስለሚፈጠር፣ ቀይ ፍሬ በዓለት ውስጥ መታየቱ ብቻውን የአልማዝ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድና ለቁፋሮ ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም። ዓለት ለምርመራ የሚያቀርቡ ዜጎች የተገኘበትን ትክክለኛ ስፍራ፣ ከነባር ዓለት ላይ የተወሰደ ወይም ከወንዝ የተለቀመ መሆኑን ቢመዘግቡ፣ በዙሪያው ካለው ዓለትም ቁራጭ ቢያክሉ ምርመራው የተሟላ ይሆናል።