ናኦድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሳሪስ አቦ አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ሁለተኛው ሳይቀዳ የቤቱ ትንሹ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። መምህርቱ “የስማችሁን ትርጉም ቤተሰብ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ” ብላ የቤት ሥራ ሰጥታቸዋለች። የልጁ ስም ናኦድ ነው።

እናቱ ስልኳን አንስታ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመረች። የዕብራይስጥ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ናሆም አለ፣ ናታን አለ፣ ናትናኤል አለ። ናኦድ የለም። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፈተች፤ እዚያም የለም። አባትየው “የንጉሥ ስም ነው፤ አፄ ናኦድ የሚባል ንጉሥ ነበረን” ብሎ ሊገላገል ሞከረ። ልጁ ግን “እሺ፣ ንጉሡስ ከየት አመጣው?” አለ። መልስ ሲጠፋ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመናልና።

በዚህ መሀል ልጁ እርሳሱን በግራ እጁ ይዞ ስሙን መጻፍ ጀመረ። አያቱ ከተቀመጡበት ጥግ “በቀኝህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?” አሉት። እርሳሱን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ፤ ፊደሉም ወዲያው ተንጋደደ። የስሙ ታሪክ ከዚያ ከግራ እጁ ጋር የተያያዘ መሆኑን እሳቸውም ልጁም አያውቁም ነበር።

ስሙን ለማግኘት የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ መክፈት ይበቃል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 ላይ “ናዖድ” ተብሎ ተጽፏል፤ የጌራ ልጅ፣ ከብንያም ነገድ። ታሪኩ አጭርና ደም ያለበት ነው። እስራኤላውያን ለሞዓብ ንጉሥ ለዔግሎም 18 ዓመት ከተገዙ በኋላ ግብሩን ይዞ እንዲሄድ የተላከው ናዖድ፣ በሁለት ወገን የተሳለ አንድ ክንድ የሚሆን ሰይፍ በቀኝ ጭኑ ላይ፣ ከልብሱ ሥር ታጠቀ። ሰይፉን በቀኝ ጭኑ የሚታጠቅ ሰው በግራ እጁ የሚመዝ ነው። ናዖድ ግራኝ ነበር። ለንጉሡ የምነግረው ምስጢር አለ አለ፤ ሰው ሁሉ ወጣላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሁለተኛ ክፍል ተማሪ በዝርዝር መተረክ አስቸጋሪ ስለነበር አለፍኩት። ምድሪቱ ግን 80 ዓመት ዐረፈች ይላል መጽሐፉ።

ፈገግ የሚያሰኝ ነገርም አለበት። “ብንያም” በዕብራይስጥ የቀኝ እጅ ልጅ ማለት ነው። የቀኝ እጅ ልጆች የተባሉት ግን ግራኝ የበዛባቸው ነበሩ። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 20 ላይ ከዚሁ ነገድ 700 ግራኝ ወንጫፊዎች ይጠቀሳሉ፤ ጠጉር ቢያነጣጥሩ እንኳ የማይስቱ።

ታዲያ እናትየው ለምን አጣችው? ዕብራይስጡ ይህንኑ ሰው “ኤሁድ” ስለሚለውና እንግሊዝኛውም እሱን ስለተከተለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኢሁድ ባራክ፣ ከ2006 እስከ 2009 የመሩት ኢሁድ ኦልመርትም ስማቸው ይኸው ነው። “ባራክ”ም ቢሆን በምዕራፍ 4 ላይ ከዲቦራ ጋር የዘመተው ባርቅ ነው። እንግዲህ ኢሁድ ባራክን በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ አጠራር ብንጠራቸው “ናዖድ ባርቅ” ይሆኑ ነበር። በዚህ ስም ሳሪስ ላይ ታክሲ ቢሳፈሩ ዞር ብሎ የሚያያቸው አይኖርም።

ኤሁድ እንዴት ናኦድ ሆነ የሚለው ጥያቄ ወደ ጥንት ተርጓሚዎቻችን ይወስደናል። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው በቀጥታ ከዕብራይስጥ ሳይሆን ከግሪክኛው ነው። ዛሬ የምንጠራቸው የነቢያት ስሞች ሁሉ የዚህ ጉዞ አቧራ አለባቸው። ኢሳይያስ፣ ኤርምያስ፣ ኤልያስ ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው “ስ” የግሪክ ናት፤ ዕብራውያኑ ኤሊያሁ፣ ይርሚያሁ ነው የሚሉት። የእኛንም መስፍን ግሪኩ “አኦድ” ብሎታል። ግሪክኛ በቃል መሀል “ሀ”ን የሚጽፍበት ፊደል ስለሌለው “ሀ” መንገድ ላይ ቀረች። ላቲኑም “አኦድ” ይለዋል።

ከፊት የገባችው “ን”ስ? እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልሰንዝር። ግሪክኛ ድርጊት የሚፈጸምበትን ሰው ሲጠራ ከስሙ በፊት “ቶን” የምትል ትንሽ ቃል ያስገባል። “አኦድን አስነሣ” ለማለት “ቶን አኦድ” ይላል። የጥንት ግሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ በቃልና በቃል መሀል ክፍተት አይተዉም ነበር። ገጹ ላይ ያለው “ቶንአኦድ” የሚል አንድ ሐረግ ነው። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ “ን” የየትኛው ቃል እንደሆነች መሳት ቀላል ነው። ግምቴ ልክ ከሆነ ይህች “ን” ከግሪክ ሰዋስው ተላቅቃ ቀይ ባሕርን የተሻገረች፣ ዛሬም ሳሪስ ላይ በደብተር የምትጻፍ ፊደል ናት።

ትርጉሙን በተመለከተ ሁለት ነገር ይባላል። አንዱ “አንድ” ወይም “አንድነት” ነው የሚለው ነው፤ በዕብራይስጥ አንድ “ኤሐድ” ይባላልና፣ ልክ እንደ ግዕዙ “አሐዱ”። ነገር ግን “አሐዱ” በሐመሩ “ሐ” ነው የሚጻፈው፤ ዕብራይስጡም እንዲሁ የራሱ “ሐ” አለው። ኤሁድ ደግሞ በሃሌታው “ሀ” ነው። ፊደል ሲጋጭ ዝምድና አጠራጣሪ ይሆናል። (“ሀ” እና “ሐ”ን መለየት ምን ይጠቅማል ለሚሉ ይህች አንዷ መልስ ትሁን።) ሁለተኛው፣ “ሆድ” ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ጋር የሚያያይዘው ነው። ለእኛ ጆሮ ቢከብድም በእነሱ ቋንቋ ግርማ፣ ክብር ማለት ነው። አቢሁድ የሚለውም ስም ይህ ቃል አለበት። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

አባትየው የጠቀሰው ንጉሥም አለ። አፄ ናኦድ የአፄ በዕደ ማርያም ልጅ፣ የአፄ እስክንድር ወንድም ሲሆን ከእ.ኤ.አ. 1494 እስከ 1508 ነግሦአል። መልክአ ማርያምን የደረሰው እሱ ነው ይባላል። መካነ ሥላሴ የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን አስጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ፤ ልጁ ልብነ ድንግል አስፈጸማት። ከእሱ በኋላ በዚህ ስም የነገሠ የለም። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ነገሠና እቴጌ እሌኒ ሞግዚት ሆነችው። ካደገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1529፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ድል ተነሣ። ኢማሙን ታሪክ የሚያውቃቸው “ግራኝ” በሚለው ቅጽላቸው ነው። የግራኙን መስፍን ስም የያዘው ንጉሥ ልጅ ግራኝ በተባሉ ኢማም ተሸነፈ ማለት ነው። መካነ ሥላሴም ብዙ ሳትቆይ በዚያው ጦርነት ተቃጠለች። ከሳሪስ ተነስቶ በቃሊቲ፣ በዱከም አድርጎ ወደ ሞጆ የሚወርድ መንገደኛ ወደዚያ የጦር ሜዳ አቅጣጫ እየሄደ ነው።

ዛሬ በከተማችን ስሙን የሚያወጡ ወላጆች ይህን ሁሉ አስበው አይመስለኝም። በአባቶቻችን ጊዜ የቤት ስም የወላጅን ሁኔታ ይናገር ነበር፤ ተስፋዬ፣ ማስረሻ፣ ደረጀ፣ ሙሉጌታ። የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ ወልደ ሚካኤሉ፣ ገብረ ማርያሙ፣ ለክርስትናና ለፍትሐት ይቀመጥ ነበር። ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ግን ከተሜው የመጽሐፍ ቅዱስ ስም በቀጥታ ለቤት ያወጣ ጀመር። ናሆም፣ ናትናኤል፣ ቢንያም፣ ዮናታን፣ ያቤጽ፣ አቤኔዘር አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ስሙ አጭር እንዲሆን፣ ፓስፖርት ላይ ሲጻፍ እንዳያስቸግር፣ ፈረንጅ ሲጠራው እንዳይሰብረው ይፈለጋል። ናኦድ ይህን ሁሉ ያሟላል፤ ንጉሥም አለበት፣ ቅዱስ መጽሐፍም አለበት። የሆነ ሆኖ ከነናሆም ጋር ሲነጻጸር ብርቅ ነው። የወዳጄ ልጅ ከክፍሉ ብቸኛው ናኦድ ነው።

ይህን ተርኬ ስጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ልጁ “ግራኝ ነበር?” ብሎ ጠየቀኝ፤ ስለ ንጉሡም ስለ ግሪኩም የነገርኩት ሁሉ ሄዶ ይህ ብቻ ቀርቶለታል። አዎን አልኩት። አያቱን አያቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሲኒውን ያሽከረክራሉ። ከዓለም ሕዝብ ከአሥር አንዱ ገደማ ግራኝ መሆኑን፣ ተፈጥሮ እንጂ ጥጋብ አለመሆኑን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ በእሳቸው ዘንድ ግን የእኔ አኃዝ የመጽሐፈ መሳፍንትን ያህል እንደማይመዝን ስለገባኝ ተውኩት። እሳቸውም በወጣትነታቸው ግራ እጃቸው በመቀነት ታስሮ መማራቸውን ያን ዕለት ነው የነገሩን። ልጃቸው እንኳ አያውቅም ነበር።

“ይጻፍበት እንግዲህ” አሉ በመጨረሻ። “መብላት ግን በቀኙ ነው!”

ልጁ እርሳሱን ወደ ግራ እጁ መልሶ ቀና ባለ ፊደል “ናኦድ ማለት” ብሎ ጀመረና ቆመ። መጽሐፉ ላይ በዐይኑ “ዖ” እንደተጻፈ፣ የልደት ካርዱ ላይ ደግሞ በአልፋው “ኦ” እንደሆነ አይቷል።

“የቱን ልጻፍ?” አለኝ።