ሰው ከመግባቱ በፊት የሚገቡ ቃኚዎች

በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዩታ ክፍለ ግዛት፣ ክራንዳል ካንየን በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ዋሻው ተደርምሶ ስድስት ሠራተኞች ከምድር በታች ቀሩ። ጓደኞቻቸው ፍርስራሹን እየጠረጉ ሊደርሱላቸው ሌት ተቀን ደከሙ። ነሐሴ 10 ቀን ግን ዋሻው እንደገና ተንዶ ከነፍስ አድን ሠራተኞቹ መካከል ሦስቱን ገደለ፤ ሌሎች ስድስት አቆሰለ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች አስከሬን እንኳ ሳይወጣ ቀረ።

ወታደርና የወታደር ቤተሰብ የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። ጓዱን ለማውጣት ወደ አደጋ የሚገባ ሰው እርሱም በተራው የሚጠብቀው ቤት አለው። ታዲያ ማንም ሰው እግሩን ከማስገባቱ በፊት የጠፋው ወገን የት እንደወደቀ፣ መንገዱ የሚያስኬድ መሆኑን፣ አየሩ የተመረዘ መሆን አለመሆኑን አጣርቶ የሚመለስ ቃኚ ቢገኝ ምንኛ በበጀ! በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የምሕንድስና ተማሪዎችና መምህራኖቻቸው የሚደክሙት ይህን ቃኚ ለመሥራት ነው። የደረሱበትም መልስ አንድ ግዙፍ ሮቦት ሳይሆን በኅብረት የሚሠሩ ብዙ ሮቦቶች ነው።

ከጉንዳን የተገኘ ትምህርት

አንዲት ጉንዳን የምታውቀው በአጠገቧ ያለውን ብቻ ነው። ሆኖም ሁሉም ከጎረቤቱ ጋር እየተግባባ ሲሠራ ሰልፉ ይሰምራል፣ ጎተራው ይሞላል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ቁም ነገር በምሕንድስና ቤተ ሙከራም ሠርቷል። በነሐሴ ወር 2006 ዓ.ም. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማይክል ሩበንስታይንና ራዲካ ናግፓል ከባልደረባቸው ጋር ሆነው 1,024 ትናንሽ ሮቦቶችን በአንድነት ማሠራታቸውን ለዓለም አስታወቁ። የእያንዳንዱ ሮቦት ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎማ የለውም፤ በቀጫጭን እግሮቹ እየተንቀጠቀጠ ይንፏቀቃል። ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገረው ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። ሮቦቶቹ የሚፈለገው ቅርጽ አንድ ጊዜ ከተነገራቸው በኋላ የሰው እጅ ሳይነካቸው 12 ሰዓት ገደማ ወስደው ኮከብ ሠሩ። አንዱ መንገድ ቢስት በአቅራቢያው ያሉት ያውቁታል፤ ተባብረውም ስሕተቱን ያርማሉ።

ከጠረጴዛ ወደ ዋሻ

በገበታ ላይ የሰመረ ነገር በፍርስራሽ ውስጥ ይሰምራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር መሥሪያ ቤት ከምድር በታች የሚካሄድ የሮቦቶች ውድድር አዘጋጀ። ቡድኖቹ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በማዕድን ዋሻ፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ግንባታው ሳያልቅ በቀረ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ተፈተኑ። የመጨረሻው ግጥሚያ በመስከረም 2014 ዓ.ም. በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በሉዊቪል ከተማ፣ ቀድሞ የኖራ ድንጋይ ይወጣበት በነበረ ሰፊ ዋሻ ውስጥ ተካሄደ።

በጨለማው ውስጥ 40 ነገሮች ተደብቀዋል፤ ከእነዚህም መካከል እንደ ሰው ገላ የሚሞቁ አሻንጉሊቶች፣ ስልኮች፣ የጀርባ ቦርሳዎችና ገመዶች ነበሩ። የተፈቀደው ጊዜ 60 ደቂቃ ነው። የተገኘው ነገር ያለበት ቦታ ከ5 ሜትር ባልበለጠ ልዩነት ካልተነገረ ነጥብ አይሰጥም። ከዋሻው ደጅ ሆኖ ሮቦቶቹን የሚያዘውም አንድ ሰው ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ጨለማው ብቻ አልነበረም። የሬዲዮ ሞገድ በድንጋይ ውስጥ ርቆ አይዘልቅምና ሮቦቱ ጥቂት እንደገባ ከአዛዡ ይለያል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሮቦቶች የመገናኛ ወታደር ሽቦ እየዘረጋ እንደሚጓዝ ሁሉ በየመንገዳቸው ትናንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያዎችን እየጣሉ ይሄዳሉ። ግንኙነት የተቋረጠበት ሮቦትም ደንግጦ አይቆምም፤ ብቻውን ቃኝቶ፣ ካርታውን ሠርቶ፣ ግንኙነት ወዳለበት ተመልሶ ያየውን ያስረክባል።

አሸናፊው ሰርበረስ የተባለው ቡድን ሆነ። በውስጡ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ የአሜሪካው ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ በሬኖ፣ የኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ነበሩበት፤ ከአባሎቹ ብዙዎቹ ገና በትምህርት ላይ ነበሩ። ያሰለፏቸው አራት ባለ አራት እግር ሮቦቶች 23 ነገሮች አገኙ። የአውስትራሊያው ቡድንም እንዲሁ 23 አገኘ። ሁለት ሚሊዮን ዶላሩን ለሰርበረስ ያስገኘለት የመጨረሻ ነጥቡን ቀድሞ ማስቆጠሩ ነው።

የቀረው ሥራ

ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ምርጡ ቡድን እንኳ ከ40ው 17ቱን አላገኘም። በእውነተኛ አደጋ ጊዜ አንድ ያልተገኘ ሰው የአንድ ቤት ምሰሶ ነው። ሮቦቱም ቢሆን ያያል፣ ይመዘግባል፣ ይናገራል እንጂ ድንጋይ ፈንቅሎ ቁስለኛ አይሸከምም። በመጨረሻ የሚገባው ሰው ነው። ልዩነቱ የሚገባበትን ቦታ አውቆ መግባቱ ነው፤ ለሚገባውም ሆነ በደጅ ለምትጠብቀው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውድ አንባብያን፣ ልጆቻችሁ በግቢያችሁ የጉንዳን ሰልፍ ከብበው ሲመለከቱ ብታገኟቸው አትከልክሏቸው። መሐንዲሶቹም የተማሩት ከዚያው ነው።