በጉልምስና የሚታወቅ ጉዲፈቻ እና የጤና ባለሙያው ኃላፊነት

መግቢያ

ልጅን በጉዲፈቻ ማሳደግ በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን ያስቆጠረ ልማድ ነው። ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ጉዳዩ ከልጁ ተሰውሮ ይቆያል። ልጁም ካደገ በኋላ በለቅሶ ቤት ወሬ፣ በውርስ ክርክር ወይም ቤተሰብን ለማገናኘት በሚጠየቅ የዲኤንኤ ምርመራ እውነቱን ይደርስበታል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምስጢሩ የሚገለጠው በጤና ተቋም ውስጥ በመሆኑ ባለሙያው አስቀድሞ ሊዘጋጅበት ይገባል።

ምርመራዎች የሚሉትና የማይሉት

በተለመደው የውርስ ሥርዓት ሁለቱም ኦ ከሆኑ ወላጆች ኤ ወይም ቢ የሆነ ልጅ አይወለድም፤ ኤቢ የሆነ ወላጅም ኦ የሆነ ልጅ አይኖረውም። ሆኖም የናሙና መቀያየር፣ የአመዘጋገብ ስህተትና አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ የዘረመል ልዩነቶች ተመሳሳይ ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ውጤቱ ቢረጋገጥ እንኳ የሥጋ ዝምድና አለመኖሩን ከማመልከት አልፎ ምክንያቱ ጉዲፈቻ መሆኑን አያስረዳም።

በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ በዘመዳሞች መካከል የሚደረግ የኤችኤልኤ ምርመራ በአገር ውስጥም ትኩረት የሚሻ ሆኗል። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ የዚህን የዘረመል ስብስብ ግማሽ ይወርሳል። ስለሆነም በወላጅና በልጅ መካከል ምንም የጋራ ስብስብ አለመገኘቱ ጥያቄ ያስነሳል። በወንድማማቾች ዘንድ ግን ከአራት አንዱ ዕድል ምንም አለመጋራት በመሆኑ፣ አለመመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከምርመራው በፊትና በኋላ

ዋናው ጥንቃቄ ከምርመራው በፊት የሚደረገው ነው። ምርመራው ያልታሰበ የዝምድና መረጃ ሊያወጣ እንደሚችል ለለጋሹም ለተቀባዩም ለየብቻ ማስረዳት፣ እንዲህ ያለ ውጤት ቢገኝ ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ መጠየቅና መልሳቸውን መመዝገብ ይገባል። ከምርመራው በኋላ ውጤቱን በድጋሚ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በተኝቶ ሕክምና ጉብኝት ላይ ወይም በአስታማሚ ፊት ማንሳት፣ ባለጉዳዩ ሳይሰማ ለቤተሰቡ መንገር ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ባለጉዳዩ በቀጥታ ሲጠይቅም ሐሰት መናገር አይገባም።

የቤተሰብ የሕመም ታሪክ

ታካሚው እውነቱን ሲያውቅ በካርዱ ላይ ለዓመታት የተመዘገበው የቤተሰብ ታሪክ ትርጉሙ ይለወጣል። አሳዳጊ እናቱ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸው የእርሱን የዘር ተጋላጭነት አያሳይም፤ “በቤተሰብ የለም” የሚለውም “አይታወቅም” ተብሎ መታረም አለበት። የማይታወቅ ታሪክ ከሌለ ታሪክ ጋር አንድ ባለመሆኑ የደም ግፊት፣ የስኳርና የግላኮማ ምርመራን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም። በሌላ በኩል የሳንባ ነቀርሳ ንክኪ፣ የአመጋገብ ልማድና የትምባሆ ጢስ ከአሳዳጊው ቤት የሚገኙ በመሆናቸው ያ ታሪክ እንደተጠበቀ መቆየት አለበት።

የታካሚው ስሜት

ድንጋጤ፣ ቁጣ፣ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት የሚጠበቁ ናቸው። ብዙዎችን ይበልጥ የሚጎዳው ጉዲፈቻው ሳይሆን ሌሎች እያወቁ እነርሱ አለማወቃቸው ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛው ስም የአባት ስም በመሆኑ ግኝቱ ታካሚው ሲጠራበት የኖረውን ስም ሳይቀር ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ዝምድና እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብም “ሳላውቅ ዘመዴን አግብቼ ይሆን?” የሚል ፍርሃት ሊነሳ ስለሚችል በቁም ነገር ሊደመጥ ይገባል። “እውነተኛ እናትህ” ከሚለው አነጋገር ይልቅ “የወለዱህ እናት” እና “ያሳደጉህ እናት” ማለት የተሻለ ነው። አሳዳጊዎችን መውቀስም ሆነ ታካሚውን “ያሳደጉህን አመስግን” ብሎ መገሠጽ የባለሙያው ድርሻ አይደለም። ሐዘኑ ከሥራና ከኑሮ የሚያግደው ከሆነ ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው ሳይዘገይ ወደ አእምሮ ሕክምና ሊላክ ይገባል።

ማጠቃለያ

ምስጢሩን የፈጠረው የጤና ባለሙያው ባይሆንም የሚገለጥበት መንገድ በእርሱ እጅ ሊወድቅ ይችላል። አስቀድሞ ማስረዳት፣ ውጤትን ማረጋገጥ፣ ለባለጉዳዩ ብቻ መንገር፣ ካርዱን ማረምና ታካሚውን በቀጠሮ መከታተል በየትኛውም የጤና ተቋም ሊፈጸሙ የሚችሉ ተግባራት ናቸው።