ቁጥር 45፦ ሰላዩ አዲስ አበባን የፈለገበት ዓመት

ኤስ.ኤ.ኤስ የሚባል የፈረንሳይኛ የስለላ ልቦለድ ተከታታይ አለ። ደራሲው ዤራር ደ ቪሊዬ እ.ኤ.አ. በ1965 በኢስታንቡል ጀምሮ በ2013 እስኪሞት ድረስ 200 መጻሕፍት ጽፎበታል። ርዕሶቹን በተራ የሚያነብ ሰው ከአንዱ የጦር ቀጣና ወደ ሌላው፣ መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገበት ከተማ ገና ወደሚደረግበት ይጓዛል። ኢትዮጵያዊ አንባቢን የሚያስቆመው ግን ቁጥር 45 ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው ይህ መጽሐፍ ርዕሱ «የንጉሡ ሀብት» የሚል ነው፤ ንጉሡም የእኛው ናቸው።

የተከታታዩ ጀግና ማልኮ ሊንገ ይባላል። የኦስትሪያ ልዑል ነው፤ ሊየዘን ያለው የአያት ቅድመ አያቶቹ ግንብ እየፈረሰ ስላስቸገረው ማደሻውን ለማግኘት ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ለሲአይኤ ይሠራል። ሐሳቡ የተወለደው የጄምስ ቦንድ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሞት ነው። አንድ አሳታሚ ለጋዜጠኛው ደ ቪሊዬ ቦታው ባዶ ስለሆነ እንዲሞክረው ነገረው። እሱም ሞከረው። መሣሪያ የያዘች ሴት ፎቶግራፍ ያለበት ሽፋን የተከታታዩ መለያ ሆኖ በየባቡር ጣቢያው ተቸበቸበ። ሴቶችንና የሌላ አገር ሰዎችን በሚስልበት መንገድ ክፉኛ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው በዚያ ዓመት አዲስ አበባን ለምን ፈለጋት?

ርዕሱ ፍንጭ ይሰጣል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወስደው ከሥልጣን ከመውረዳቸው በፊትም ሆነ በኋላ፣ ደርግ ንጉሡ በስዊስ ባንኮች ከፍተኛ ሀብት አከማችተዋል እያለ ይከስ ነበር። የወሎ ረሃብ ፊልምና የቤተ መንግሥቱ ድግስ በቴሌቪዥን ጎን ለጎን ከታየ በኋላ ወሬው በየቤቱ ገባ። ንጉሡ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ሲባል የገንዘቡ ነገር እንቆቅልሽ ሆኖ ቀረ። ለአንድ የስለላ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም።

ዝርዝሩን ትንሽ ወረድ ስንል ግን ሌላ ነገር ይታያል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1977፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ቆይቶ፣ ቁጥር 47 ሶማሊያ ላይ ያርፋል። አንድ ፈረንሳዊ ደራሲ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ አፍሪካ ቀንድ የተመለሰው በንጉሥ ወርቅ ብቻ ተስቦ ሊሆን አይችልም።

መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ነው። ደ ቪሊዬ ከዲፕሎማቶችና ከስለላ ሰዎች ጋር የቅርብ ትውውቅ ነበረው። ሊጽፍበት ወዳሰበው አገር ራሱ ይሄዳል፣ ሆቴሉንና መንገዱን ያያል፣ ሰዎቹን ያነጋግራል፣ ከዚያ ፓሪስ ተመልሶ በጥቂት ሳምንታት ይጽፋል። ግብፃዊው ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1981 ከመገደላቸው በፊት እንዲህ ያለውን ሴራ በልቦለዱ ጽፎት ነበር። መጻሕፍቱ የተዋጣላቸው ሥነ ጽሑፍ ናቸው የሚል የለም፤ የዓለም ዓይን ነገ ወዴት እንደሚዞር ግን አስቀድሞ ያሸት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 ያሸተተውም በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚያልፈውን ነው። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተቀናቃኞቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቀለሉ። በሚያዝያ አሜሪካኖች አስመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያና ሌሎች ቢሮዎቻቸውን ዘግተው በቀናት ውስጥ እንዲወጡ ታዘዙ። በክረምቱ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በመስከረም ጅጅጋ ወደቀች። ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ዚያድ ባሬ ሶቪየቶችን ከሶማሊያ አባረሩ። በዚያው ወር መጨረሻ የሶቪየት ግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላኖች መሣሪያ ጭነው ወደ አዲስ አበባ መጉረፍ ጀመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ኃያላን መንግሥታት ወዳጅና ጠላት ተለዋወጡ።

የቦሌ ምሥጢር ከዚያም በፊት የጀመረ ነው። ቦሌ የልደታን አሮጌ ማረፊያ የተካው በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ የጄት አውሮፕላን ዘመን ሲመጣ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 720 ከዚሁ ማኮብኮቢያ ተነሣ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አውሮፕላኑን ሊጠልፉ የተዘጋጁ ሰባት ወጣቶች ነበሩ፤ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ከነሱ መካከል ናቸው። የጸጥታ ሰዎችም ሲቪል ለብሰው እንደማንኛውም መንገደኛ ተቀምጠዋል። ጠላፊዎቹ ሲነሡ የጸጥታ ሰዎቹ ተኮሱ። የእጅ ቦምብ ፈንድቶ አውሮፕላኑን ቢጎዳውም አብራሪዎቹ መልሰው ቦሌ አሳረፉት። ዋለልኝና ማርታ ሞቱ። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጠባበቁ፣ በአንድ አገር የተወለዱ ሰዎች ዝምታ ምን ይመስል እንደነበር እስካሁን በቅጡ የጻፈልን ልቦለድ አላነበብኩም።

ከዚያ ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ፤ የኢሕአዴግ ጦር ወደ ከተማዋ ተቃረበ። ግንቦት 16 ቀን ደግሞ የእስራኤል አውሮፕላኖች ተከታትለው ቦሌ አረፉ። ከብዙዎቹ መቀመጫው ተነቅሎ ወጥቷል። በእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ተሰብስበው የቆዩት ቤተ እስራኤላውያን ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎላቸው በአውቶቡስ መጡ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወለሉ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። በአንድ ጃምቦ ብቻ ከሺህ በላይ ሰው ተሳፈረ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሄዱ፤ በበረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ከጀርባው ረጅም ድብቅ ድርድርና እስራኤል የከፈለችው 35 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው ተጋነነ እንለው ነበር።

የንጉሡስ ሀብት? ለፍለጋው መልስ የሚሆን ነገር በየካቲት 1984 ዓ.ም. ተገኘ። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ወለል ተቆፍሮ የንጉሡ አፅም ወጣ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። የውጭ አገር ሰላይ ወርቁን ሲያሳድድ፣ በከተማዋ እምብርት ተደብቆ የነበረው ባለቤቱ ራሱ ነበር። የዘመኑ ትልቁ ምሥጢር ከጄኔቭ ባንኮች ይልቅ እግራችን ሥር ነበር።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእጃችን እያለ ልቦለድ ያልሆነው የአማርኛ አንባቢ ስለላን ስለማይወድ ነው ማለት አይቻልም። ማሞ ውድነህ በ«የኛ ሰው በደማስቆ» የኤሊ ኮሕንን፣ በ«የካይሮው ጆሮ ጠቢ» ሌላውን የእስራኤል ሰላይ አስተዋውቀውናል፤ «ሰላዩ ሬሳ»ን ያነበበ ትውልድ ዛሬም ሲያወራው ይሰማል። ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን፣ «ራማቶሓራ»ንና «ዣንቶዣራ»ን ተከታታይ አድርጎ ሲያቀርብ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንባቢው አለ፤ ተከታታይ ታሪክ ለመከተል ትዕግሥቱም አለው። የጎደለው የቦሌን የራሷን ታሪክ ከውስጥ አውቆ የሚጽፍ ሰው ነው።

እኔ የምቆጨው አንድ ፈረንሳዊ ስለ አዲስ አበባ ቀድሞ በመጻፉ አይደለም። የጻፈው የመጣ፣ ያየና የጠየቀ ሰው ስለሆነ ነው፤ እኛ ግን እዚሁ እያለን አልጠየቅንም። በእነዚያ ዓመታት ቦሌ የሠሩት አብራሪዎች፣ አስተናጋጆች፣ ቴክኒሻኖች፣ የኢሚግሬሽንና የጸጥታ ሠራተኞች አርጅተዋል። ብዙዎቹ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲ.ኤም.ሲ. ባሉ ሰፈሮች ጡረታቸውን ይዘው ይኖራሉ። ያዩት ነገር ከእነሱ ጋር ካለፈ የሚተርፈን የውጭ ሰው የገመተው ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ ወይም ወላጅዎ በዚያ ዘመን ቦሌ የሠሩ ከሆነ፣ እባክዎ ሳይውል ሳያድር ይጠይቋቸው፤ የነገሩዎትንም ቀኑንና ስሙን ሳያስቀሩ ይጻፉት።