የጦር መሣሪያ ሽያጭና የአስቸኳይ ጊዜው በር

የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገሮች የሚሸጠውን የጦር መሣሪያ ኮንግረስ፣ ማለትም ሁለት ምክር ቤቶች ያሉት የአገሪቱ ሕግ አውጪ አካል፣ አስቀድሞ የሚያውቅበትና ካልተስማማም የሚቃወምበት ሥርዓት በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው የጦር መሣሪያ ወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ አንቀጽ 36 ላይ ተደንግጓል። ፕሬዚዳንቱ 14 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዋና የጦር መሣሪያ በመንግሥታት መካከል በሚደረግ ውል ለመሸጥ ሲያስቡ ከ30 ቀን በፊት ለኮንግረስ ያሳውቃሉ፤ ገዢው የኔቶ አባል ወይም እንደ እስራኤልና ጃፓን ያለ የቅርብ ወዳጅ ሲሆን የዋጋው መነሻ ከፍ ይላል፣ ጊዜውም ወደ 15 ቀን ያጥራል።

ሕጉ ሲወጣ ሁለቱ ምክር ቤቶች የፕሬዚዳንቱ ፊርማ በማያስፈልገው ውሳኔ ሽያጩን ማስቆም ይችሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ከአገር እንዲወጣ በተወሰነበት ቻድሃ የተባለ ሰው ጉዳይ ላይ፣ ለፕሬዚዳንቱ ያልቀረበ የምክር ቤት ውሳኔ ሕጋዊ ውጤት የለውም ብሎ ከፈረደ በኋላ ግን፣ የተቃውሞ ውሳኔውም እንደ ማንኛውም ሕግ ለፊርማ እንዲቀርብ ተደረገ። ለውጡ ላይ ላዩን የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ቢመስልም ሥልጣኑን ከሥሩ አናግቶታል፤ ሽያጩን ያቀደው ባለሥልጣን ተቃውሞውን አልፈርምም ብሎ መመለስ ስለሚችል፣ ለማገድ በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ለሳዑዲ ዓረቢያ ያቀዱትን የሚሳይል ሽያጭ ኮንግረስ ቢቃወምም፣ ከምክር ቤቶቹ አንዱ የሆነው ሴኔት የፕሬዚዳንቱን እምቢታ ለመሻር አንድ ድምፅ ጎድሎት ሽያጩ አልፏል።

በዚህ ላይ የአስቸኳይ ጊዜው ድንጋጌ አለ። ፕሬዚዳንቱ ሽያጩን ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል የሚያስገድድ አስቸኳይ ሁኔታ መፈጠሩን ካረጋገጡና ምክንያቱን በዝርዝር ካቀረቡ የጥበቃው ጊዜ ይቀራል፤ ምን ዓይነት ሁኔታ አስቸኳይ እንደሚባል ግን ሕጉ አይተረጉምም። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማይክ ፖምፔዮ የኢራንን ስጋት ጠቅሰው ለሳዑዲ ዓረቢያ፣ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ለዮርዳኖስ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ 22 ሽያጮችን በዚህ መንገድ አሳለፉ። ሳዑዲ መራሹ ጥምር ጦር በየመን በሚያካሂደው የአየር ድብደባ ሲቪሎች እየሞቱ ስለነበር ኮንግረስ ሦስት የተቃውሞ ውሳኔዎችን አጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሦስቱንም መለሱ፣ ሴኔቱም ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ አላገኘም። የሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በ2020 ባወጣው ሪፖርት አሠራሩ ሕጉን የተከተለ እንደነበር፣ በሲቪሎች ላይ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ግን በሙሉ እንዳልተመዘነ ገለጸ። እጅግ አሳሳቢው ነገር ይኸው ነው፤ ቁጥጥሩ የቀረው ሕጉ ተጥሶ አይደለም።

መንገዱ የአንድ ፓርቲ ብቻ አይደለም፤ በታኅሣሥ 2023 የባይደን አስተዳደር 106.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ 13,981 የታንክ ጥይቶችን ለእስራኤል የሸጠው በዚሁ ድንጋጌ ነው። በ2021 የሁለቱም ፓርቲዎች ወገን የሆኑት ሴናተሮች መርፊ፣ ሊ እና ሳንደርስ ያቀረቡት ረቂቅ፣ ከፍተኛ ሽያጮች ኮንግረስ ካልፈቀደ እንዳይፈጸሙ በማድረግ ድምፅ የማሰባሰቡን ሸክም ወደ ፕሬዚዳንቱ ለመመለስ ያለመ ነበር፤ ሕግ ሆኖ ግን አልጸደቀም።