ውሃ የሚያወጡ የነፋስ ወፍጮዎች

ረግረግ ለማድረቅ የሚቆም የነፋስ ወፍጮ ስሙ ወፍጮ ይሁን እንጂ እህል አይፈጭም። ክንፎቹ የሚያዞሩት ውሃ የሚዝቅ መንኮራኩር ነው። ሥራው የሠመረው በኔዘርላንድስ ሲሆን፣ ምክንያቱ ከአፈሩ ይጀምራል። የዚያ አገር ረግረግ በአብዛኛው ከበሰበሰ ዕፅዋት የተጠራቀመ አፈር ነው። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲወጣለት ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ዝቅ ይላል። መሬቱ በአቅራቢያው ካለው ወንዝ በታች ሲወርድ ውሃው በራሱ መፍሰስ አቃተው። ገበሬው መሬቱን ባደረቀ ቁጥር መሬቱ እየወረደ፣ የወፍጮ ፍላጎትም እየባሰ ሄደ።

ውሃ አውጪ ወፍጮዎች በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ታዩ። አንዱ መንኮራኩር ውሃን ከፍ የሚያደርገው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለነበር፣ ጥልቅ ሐይቅ ለማድረቅ ወፍጮዎች ደረጃ በደረጃ ይቆሙ ነበር፤ የታችኛው ያወጣውን የላይኛው ይቀበለው ነበር። ከ7,000 ሄክታር በላይ የሚሰፋው የቤምስተር ሐይቅ በ1612 እ.ኤ.አ. የደረቀው በዚህ ዘዴ፣ ከ40 በላይ በሆኑ ወፍጮዎች ነው። የወፍጮ ሥራውን የመራው ያን አድሪያንስዞን ለራሱ የመረጠው ስም ሌግዋተር፣ «ባዶ ውሃ» ማለት ነው። ይኸው ሰው በ1641 ሰፊውን የሃርለም ሐይቅ በ160 ወፍጮዎች ለማድረቅ አቅዶ ነበር። ሐሳቡ የተፈጸመው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1852፣ በሦስት የእንፋሎት ፓምፖች ብቻ ነው፤ አንዱ በእርሱ ስም ተጠርቷል። በዚያው አገር በኪንደርዳይክ የቆሙት 19 ወፍጮዎች ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ እንደገና ውሃ አውጥተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ለተኛ ውሃ ነው። በድሬዳዋ ከተማ የመጋላን ሰፈር ከከዚራ ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ግን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው ከደጋው በድንገት ወርዶ በሰዓታት ያልፋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። እንዲህ ያለውን ውሃ ዝቆ መጨረስ አይቻልም፤ የሚመክተው በወንዙ ዳር የሚሠራ ግንብና በላይኛው ተዳፋት የሚሠራ እርከን ነው።

በኢትዮጵያ ነፋስና ውሃ የተገናኙት በተገላቢጦሽ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በታችኛው ኦሞ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ያቆማቸው የሸራ ክንፍ ያላቸው ወፍጮዎች የወንዙን ውሃ ወደ ደረቅ እርሻ ከፍ ያደርጉ ነበር፤ አሠራራቸውም የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች ይጠቀሙበት ከነበረው የተወሰደ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ፣ በአይሻ ሜዳ የቆሙት ተርባይኖች ደግሞ ውሃ አይነኩም፤ ነፋሱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ።