«ላክ» ወይስ «ላኪ»?

ባለፈው ዓመት አንድ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ወደ አማርኛ ስንመልስ ሦስት ነበርን። ሥራው ሲጀመር ከአሠሪዎቹ በኩል አንድ የእንግሊዝኛ ዝርዝር ደረሰን፤ «እነዚህን ቃላት አትጠቀሙ» የሚል። ማስተርና ስሌቭ፣ ብላክሊስትና ዋይትሊስት፣ «ጋይስ» እና የመሳሰሉት፣ ሃያ ገደማ ቃላት። አንብበን አስቀመጥነው። ከሃያው አንዱም የመተግበሪያው አማርኛ ላይ አላጋጠመንም። ግማሽ ቀን ያከራከረችን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ናት። እንግሊዝኛው «ሴንድ» ብሎ ያልፋታል። አማርኛው ግን ገና ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል፦ የሚጫነው ወንድ ነው ሴት? «ላክ» ካልን ሴቷን ዘለልናት። «ላኪ» ካልን ወንዱን ዘለልነው፤ ያውም «ላኪ» የላከው ሰው መጠሪያም ስለሆነ ቁልፏ እያዘዘች ይሁን እየጠራች አይለይም።

በየመሥሪያ ቤቱና በየሶፍትዌር ቤቱ ስለ አካታች ቋንቋ የሚወራው አብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው። የእንግሊዝኛው ጣጣ ስሞቹ ላይ ነው፤ የእኛው ግሡ ጭራ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሳይለዩ መከራከር ነው ተረቱን የሚያበዛው፣ በተቃዋሚም በደጋፊም በኩል።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

ሻይ ሰዓት ላይ ይህን የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም አጼ ምኒልክን እጠራለሁ። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠርቶ አዳሪን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ የሚጽፈውን «ጠንቋይ» እያሉ ማሸማቀቅ ሰውን ከሥራ ያርቃል፣ አገርንም ያለ ባለሙያ ያስቀራል ነው ነገሩ። ምክንያቱን ልብ ማለት ያሻል። አዋጁ ስለ ጨዋነት ብቻ አልተጨነቀም፤ ክፉ ቃል የሰው ኃይል ያሳጣል ብሏል። የዛሬ የሰው ሀብት ኃላፊም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አትናገርም።

ከዚያ ወዲህ «ገረድ» የቤት ሠራተኛ ተባለች፣ «ዘበኛው» ጥበቃ ሆነ። ማንም የእንግሊዝኛ ዝርዝር አላደለንም። (መጠሪያቸው ሲሻሻል ደመወዛቸው አብሮ ተሻሻለ ወይ የሚለው ሌላ ጽሑፍ ነው፤ እሱን የሚጽፍ ቢገኝ ደስ ይለኛል።)

«ማስተርና ስሌቭ ንጹሕ የቴክኒክ ቃላት ናቸው»

ይህ ተረት ብልኅ ሰዎች የሚያወሩት ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባዋል። አሜሪካዊው ምሁር ሮን ኤግላሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት የቃሉን ዱካ ወደ ኋላ ተከትሎ 1904 ላይ ደረሰ። በኬፕታውን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የሥነ ፈለክ ሊቁ ዴቪድ ጊል ስለ አንድ የሰዓት ሥርዓት በጻፈው ዘገባ፣ አንዱን ሰዓት ጌታ፣ ሌላውን በኤሌክትሪክ ምት እየተመራ የሚከተለውን ባሪያ ብሎታል። ልብ በሉ፣ በኬፕ ባርነት ከተሻረ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሆኖታል። ቃሉ ከባሪያ ፍንገላ ዘመን በቀጥታ የወረደ አይደለም፤ ግን ከሰማይም አልወረደም። ያ ታሪክ ባለፈበት ምድር ላይ፣ ምሳሌው እንደ ቀላል ነገር የታየው ሰው የመረጠው ነው።

በዚያ ላይ ምሳሌው ሥራውን በትክክል አይገልጽም። ዳታቤዝ ላይ አንዱ ሰርቨር የሚጻፍበት ነው፤ ሌሎቹ የእሱን ቅጂ ይይዛሉ። ዋናው ሲወድቅ ከቅጂዎቹ አንዱ ተነሥቶ ዋና ይሆናል። ባሪያ ጌታው ስለታመመ ጌታ የሆነበት አገር አላውቅም። «ዋና» እና «ቅጂ» ብንል ለጀማሪ ተማሪ ከምሳሌው ይልቅ ነገሩን ራሱን ነገርነው ማለት ነው።

ለውጡም እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ ሌሊት የመጣ የፖለቲካ ነፋስ አይደለም። የሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደር ዕቃ አቅራቢዎቹን እነዚህን መለያዎች ከመሣሪያዎቻቸው ላይ እንዲያነሱ የጠየቀው በ2003 ነው፤ ተስቆበታል። ከሶፍትዌሮቹ ጃንጎ በ2014፣ ፓይተንና ሬዲስ በ2018 ቃላቱን ለወጡ። የሊኑክስ ከርነል የቃላት መመሪያ የመጣው በ2020 ሐምሌ ነው፤ የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጹ ጊትሀብም በዚያው ዓመት ጥቅምት አዲስ የሚከፈት ማከማቻ ሁሉ በ«ማስተር» ፈንታ «ሜይን» በሚል ስም እንዲጀምር አደረገ። ነባሮቹን አልነካም። «ኮዱን ሁሉ ይሰብራል» የሚለው ስጋት ግን ጨርሶ ባዶ አይደለም። አንድ ሥራ ላይ ስሙን ቀይረን ሄድን፣ ሌሊት የሚሠራው ስክሪፕት «ማስተር»ን ሲፈልግ አደረ። ጠዋት አንድ መስመር ተስተካከለ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደ፣ ከዚያ ውስጥ አሥራ አምስቱ ጥፋተኛ ፍለጋ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ «ንጹሕ የቴክኒክ ቃል» የሚባለው ክርክር ራሱ አይቆምም። ባርነት እኛ አገር በሕግ ለመጨረሻ ጊዜ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ልጅ የነበሩ ሰዎችን አግኝተን አውርተናል። ቃሉ ዛሬም ስድብ ነው፣ የሚሰደብበትም ሰው ከአጠገባችን አለ። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ማስታወሻ «ባሪያ ሰርቨር» ብዬ ጽፌ አየሁት። ጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ባልደረባዬ ማሳየት አልቻልኩም፤ አጠፋሁት። በእንግሊዝኛው ግን ያንኑ ቃል ለዓመታት አብረን ስንጠቀምበት ኖረናል።

በደጋፊዎች በኩል ያለውን ተረትም ላንሳ። «ብላክሊስት የመጣው ከጥቁሮች ባርነት ነው» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝ አገር በ17ኛው መቶ ዘመን የተጠርጣሪና የጠላት ስም የሚሰፍርበት መዝገብ ሆኖ የታወቀ ነው፤ ከቆዳ ቀለም ጋር የተገናኘ መነሻ የለውም። ሆኖም «የታገዱ ዝርዝር» ማለት «ጥቁር መዝገብ» ከማለት ይበልጣል፣ ምን እንደሚሠራ ይናገራልና። ለዚህ ምክንያት ሲባል ታሪክ መፍጠር አያስፈልግም። የሐሰት ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ደጋፊ ከተቃዋሚ ይልቅ ያደክመኛል።

«በወንድ የተጻፈው ሴትንም ይጨምራል»

ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ምክንያቱም ሕግ ከጀርባው አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7 በወንድ ጾታ የተደነገገው ለሴትም እንደሚያገለግል ይናገራል፤ ብዙ አዋጆችም ተመሳሳይ አንቀጽ አላቸው። ለሕግ አርቃቂ ይህ መፍትሔ ነው። ዳኛው አንቀጹን ያውቀዋል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመች ልጅ ግን አንቀጽ 7ን በቦርሳዋ አልያዘችም።

የሥራ ማስታወቂያ አንሱና እዩ። «ጾታ፦ አይለይም» ይላል። ከዚያ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «አመልካቹ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ወደ ክልል ለመውጣት ዝግጁ የሆነ»። ሦስት ግሥ፣ ሦስቱም ወንድ። እዚያው ሰሌዳ ላይ እንግዳ ተቀባይ ሲፈለግ ሰዋስው በድንገት ይነቃል፦ «ቀልጣፋ የሆነች፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት»። ስለዚህ ጸሐፊው የሴት ጭራ መጻፍ አቅቶት አይደለም። ለየትኛው ወንበር እንደሚጽፈው ያውቃል።

የእኛው ሴማዊ ዘመድ የሆነው ዕብራይስጥም እንዲሁ ግሡን በጾታ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ በእስራኤል የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ተማሪዎች ለትምህርት ያላቸውን ተነሳሽነት የሚለካ መጠይቅ ተሰጣቸው። በወንድ መልክ ብቻ የተጻፈውን የሞሉ ሴቶች፣ ለሁለቱም ጾታ የተጻፈውን ከሞሉት ይልቅ ስለ ተነሳሽነታቸው ዝቅ ያለ መልስ ሰጡ። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ የተለየው የግሡ መልክ ነው። እዚያው አገር በዕብራይስጥ ቅጽ ሲሞሉ፣ ቤት ገብተው በአማርኛ ሲያወሩ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩን በሁለት ቋንቋ ያውቁታል።

ማስታወቂያው መዳን አይከብደውም። «አመልካቾች ሦስት ዓመት ልምድ ያላቸው፣ በቡድን መሥራት የሚችሉ» ሲባል አበቃ። የአማርኛ ብዙ ቁጥር ጾታ አይለይም፤ እንግሊዝኛ «ዴይ» የምትለዋን ቃል ለአንድ ሰው ልጠቀም አልጠቀም እያለ ሲጨነቅ እኛ እጃችን ላይ ነበረን።

«‘እርስዎ’ ካልን ተገላገልን»

እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ይህን ነው። የአክብሮት መልክ ወንድ ሴት አይልም፤ «ይላኩ»፣ «ያስገቡ»፣ «ይቀጥሉ»። ቁልፎቹን ሁሉ እንዲህ አደረግናቸውና ቡና ወጣን። ስንመለስ የመልእክቶቹ ገጽ ጠበቀን። «1,500 ብር ልከዋል።» ማን ነው የላከው? እርስዎ ልከዋል፣ እሳቸው ልከዋል፣ እነሱም ልከዋል፤ በአማርኛ ሦስቱም አንድ ናቸው። እናቴን አሳየኋት። «እንዴ፣ ማነው የላከልኝ ደግሞ?» አለች ደስ ብሏት። ከእሷ ሂሳብ የወጣ ገንዘብ ነበር። መልእክቱ «ከሂሳብዎ 1,500 ብር ወጥቷል» ተብሎ ተስተካከለ፤ ብሩን ባለቤት ስናደርገው የሰውየውም የሴትየዋም ጾታ ከጨዋታ ወጣ።

አንደኛው ባልደረባችን ዕዝባርን የሚወድ ነበር፤ «ላክ/ኪ»፣ «አመልካቹ/ቿ»። ዓይን ላይ ያስቸግራል እንጂ ይገባል እያለ ተከራከረ። ያንን ስሪት ለአንድ መምህር ሰጠናቸው፤ ስልካቸውን በድምፅ አንባቢ የሚጠቀሙ ናቸው። አንባቢው «ላክ» ካለ በኋላ ዕዝባሩን በስሙ ጠርቶ «ኪ» አለ። መምህሩ ሁለቴ ካዳመጡ በኋላ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉ። ሴቶችን እናስገባ ብለን እሳቸውን በር ላይ አስቀረናቸው።

እኔም እዚያው መምህሩ ፊት ማስታወሻ ስይዝ «ማየት የተሳናቸው ተጠቃሚ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ዓይነ ስውር በል» አሉኝ። «ማኅበራችንም የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ነው የሚባለው፤ አንተ ምን አስፈራህ?» መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በበኩሉ «መስማት የተሳናቸው» የሚለውን በስሙ ላይ መርጧል፤ «ደንቆሮ» አላዋቂ ማለት ሆኖ በየአፉ በሚዞርበት አገር ይህ አያስገርምም። ረዘም ያለና ለስለስ ያለ ቃል ሁልጊዜ አክባሪ ነው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይፈርሳል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በሥራ ቅጥር ማግለልን ይከለክላል፤ የሥራ ማስታወቂያው ግን በፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ፣ ድምፅ አንባቢው ቃሉ ቢለሰልስም ባይለሰልስም አንዱንም አያነብም።

የመመዝገቢያው ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ቀርቶ ነበር፤ «አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት»። ወንዱ አንድ ምርጫ፣ ሴቷ ገንዘብ ለመላክ አግብታ እንደሆነ ትናገራለች። ለምን እንደሚያስፈልግ አሠሪዎቹን ብንጠይቅ መረጃው የትም እንደማይገባ ታወቀ፤ ከድሮ ቅጽ የተቀዳ ነው። ሳጥኑ ወጣ። ቁልፏ ላይም በመጨረሻ «ገንዘብ ለመላክ» ብለን ጻፍን። ዲዛይነሩ «ላክ» ሁለት ፊደል ነው፣ ይህ ስምንት ነው ብሎ ተቆጣ። ቁልፏን አሰፋት።